«መጀመሪያ ይቶብት» ለምንል ሰዎች



የባሕር ዳርና የአካባቢዋ ሙስሊም ለመስጊድ ሲጠየቅ እጁ አይታጠፍም። ለመድረሳ ምንጣፍ፣ ለየቲም ልብስ፣ በረመዳን ለጾመኛ ማስፈጠሪያ ቢባል ያለው ከኪሱ፣ የሌለው ከጉልበቱ ይሰጣል። ይህንን ጀማዓ ማንም በንፉግነት ሊያማው አይችልም። ሆኖም አንድ ነገር ሲነሣ ፊታችን ይለዋወጣል። በጫት፣ በአረቄ፣ በሺሻ ወይም በሌላ ዕፅ ለተያዙ ልጆቻችን ወራት ተቀምጠው የሚያገግሙበት ቤት እናቋቁም፣ ገንዘቡንም ከራሳችን እናውጣ የተባለ እንደሆነ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው መልስ «መጀመሪያ ይቶብት፤ ከዚያ እንረዳዋለን» የሚል ነው።

ይህ አነጋገር ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል። ሃይማኖትንም የሚጠብቅ ይመስላል። እኔ ግን በሸሪዓም ሆነ በአእምሮ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የሚጸና አይመስለኝም።

በቅድሚያ ይህን የሚሉትን ወንድሞች በደንብ እንስማቸው፤ ጨካኞች አይደሉምና። እነርሱ የሚሉት እንዲህ ነው። የዘካ ገንዘብ አማና ነው። ተቀባዮቹንም አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ስምንት አድርጎ ለይቷቸዋል፤ ሱሰኛ የሚባል ዘጠነኛ የለም። አባቱ የሞተበት ሕፃን አባቱን አልገደለም። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ከቤቱ የተፈናቀለው ሰው መፈናቀልን አልመረጠም። ያ ወጣት ግን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ ቀንጥሶ፣ በገዛ አፉ ነው የቃመው። ታዲያ ከየቲሙ ጉሮሮ ነጥቆ ለእርሱ ማጉረስ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? ጥያቄው ከባድ ነው። «እስልምና የእዝነት ሃይማኖት ነው» ብሎ ማለፍም መልስ አይሆንም። እዝነቱ ለየቲሙም ይገባዋልና።

ለመልሱ ሩቅ መሄድ የለብንም። ከስምንቱ አንዱ ባለ ዕዳው፣ ማለትም ጋሪም የሚባለው ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ስለዚህ ሰው ሲወያዩ ልክ የእኛን ጥያቄ ጠይቀዋል። ሰውየው የተበደረውን ገንዘብ ለወንጀል ቢያውለውስ? ለመጠጥ፣ ለቁማር ቢያጠፋውስ? ከሙስሊሞች ዘካ ዕዳው ይከፈልለታልን? በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ በሻፊዒ መዝሀብ የጸናውን ሲያስቀምጡ፣ ከቶበተ ይሰጠዋል ይላሉ። እንግዲህ «በገዛ እጁ ነው» የሚለው ክስ ብቻውን ሰውን ከዘካ በር እንደማያባርር ከ700 ዓመት በፊት ተነግሮ ያለቀ ነገር ነው። ይህን የሰማ ወንድም ግን ወዲያው «እኛስ ምን አልን? ይቶብትና ይሰጠው!» ይለኛል። ጉዳዩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ተውበት ሸርጥ እንዳለው መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ወንጀሉን መተው፣ በሠሩት መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ ቁርጥ ሐሳብ ማድረግ፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ መመለስ። በሱስ የተያዘውን ሰው በእነዚህ እንለካው። ጸጸት? ከእኛ ይልቅ እርሱ የተጸጸተ ነው። ምርቃናው ሲወርድ፣ ሌሊት ዱካክ ሲያስጨንቀው፣ እናቱ ለፈጅር ስትነሣ የውሃውን ድምፅ እየሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ያለበትን ጸጸት አላህ ያውቀዋል። ቁርጥ ሐሳብ? እርሱንም በየማታው ይቈርጣል። «ከነገ ወዲያ አልቅምም» ያላለ ቃሚ፣ «ይህቺ የመጨረሻዬ ናት» ያላለ ጠጪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የጎደለችው አንዷ ናት፤ መተው። ቀትር ሲያልፍ ሀራራው ይነሣል። ሰፈሩ ያው ሰፈር፣ ጓደኛው ያው ጓደኛ፣ ጫት ቤቱም ከቤቱ በር ሃምሳ እርምጃ የማይሞላ ነው። እኛ እንግዲህ የምንለው «የጎደለህን ከሞላህ በኋላ የጎደለህን እንሞላልሃለን» ነው። ውሃ ለሚውጠው ሰው «መጀመሪያ ዋኝተህ ውጣ፤ ከዚያ ገመድ እንወረውርልሃለን» እንደ ማለት ነው። ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህን ማብራራት የሚያሻ አይመስለኝም።

ይህን ስል ሱሰኛው ተጠያቂ አይደለም ማለቴ አይደለም። በዘመናችን «በሽታ ነው» በሚል አንድ ቃል የሰውየውን ኃላፊነት ሁሉ የሚያነሡለት አሉ፤ ለእርሱም የሚበጀው አይደለም፤ ምርጫ የለህም የተባለ ሰው ለመዳን የሚነሣበት እግር አይኖረውምና። በቡኻሪ የተዘገበውን የዚያን ሶሐባ ታሪክ እናስታውስ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያስቃቸው አንድ ሰው ነበር፤ በመጠጥ ምክንያት ተይዞ እየመጣ በተደጋጋሚ ተቀጥቷል። በአንዱ ቀን ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ልብ በሉ፤ ቅጣቱ አልቀረለትም። ወንድምነቱም አልተሰረዘበትም። እኛ ግን ሁለቱን ደባልቀን አንዱን በሌላው እናጣፋለን። ጥፋተኛ ስለሆነ ሐቁ የወደቀ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ ከኪታብ ወደ ሰውነት እንምጣ። እዚህ ላይ ባለማወቅ ነፍስ የሚጠፋበት ነገር ስላለ ትንሽ መቈየት እፈልጋለሁ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ ቀንና ሌሊቱን ሊያምታታበት ይችላል። ሐኪም ካልደረሰለትም ሊሞት ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ጂን ነው» ይላል። አንዳንዱ ክፍል ይቈልፍበታል፤ አንዳንዱ በሰንሰለት ያስረዋል። ሩቅያን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ቁርኣን ሺፋእ መሆኑን አምናለሁ። መድኃኒት ፈልጉ ያሉንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ናቸው። ከልብ የቶበተ ሰው፣ በዚያው በቶበተበት ሳምንት፣ በደግ ቤተሰቡ እጅ ሊሞት እንደሚችል ግን በኹጥባ ላይ ሲነገር ብሰማ ደስ ይለኛል።

ጫት ከዚህ ይለያል። ጫት ያቆመ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ይደበታል፣ ይበሳጫል፣ ዱካክ ይመላለስበታል፤ ለሞት የሚያሰጋ ግን አይደለም። እርሱ የሚፈልገው ከመድኃኒቱ ይልቅ ጊዜን፣ ሥራንና አብሮ የሚውል ሰውን ነው። የሁለቱም ችግር መቋረጡ ላይ አያበቃም። የአሜሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት አንድ የታወቀ ጥናት፣ ከሱስ ከታከሙት ውስጥ ከመቶ ከ40 እስከ 60 ያህሉ በአንድ ዓመት ጊዜ እንደሚያገረሽባቸው ጽፈዋል፤ ይህም ከደም ግፊትና ከአስም ሕሙማን ጋር የሚቀራረብ ነው ብለዋል። የደም ግፊቱ ለተነሣበት ሰው «አሁንስ አበዛኸው፤ ከእንግዲህ መድኃኒት የለህም» የሚል ዘመድ አለን?

ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮንን የመሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች በከተማችን መኖራቸው ኒዕማ ነው፤ አስጊው ሳምንት እዚያ ሊታለፍ ይችላል። ከሆስፒታሉ በር ወጥቶ ባጃጅ ላይ ሲቀመጥ ግን ወዴት ይሂድ? የሆስፒታል አልጋ የቀናት ነው፤ የእርሱ ጕዳይ የወራት ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንዲህ ያለ ልጅ ሲያጋጥማቸው ወደ ፀበል ይወስዱታል። እዚያ ሱባዔ ይገባል፤ ሳምንታትና ወራት ይቀመጣል፤ ከሰፈሩ ይርቃል፤ በሰዓት ይነሣል፤ የሚቈጣጠረው ሰው አለው። የእምነቱን ነገር ለእነርሱ እንተወውና፣ ከሰፈሩ አውጥቶ ማስቀመጥ የሚለውን ጥበብ ግን ከእኛ ቀድመው ተጠቅመውበታል። የሙስሊሙ እናት ልጅዋን ይዛ የት ትሂድ? ብዙዎቹ ወሎ ወዳለ አጎት ይልኩታል፤ አጎትየው ራሱ በየቀኑ የሚቅም ሆኖ ይገኛል።

ስለ ጫት ካነሣሁ አይቀር አንድ የማንወደውን ነገር ልናገር። ከባሕር ዳር ወጣ ብላችሁ ወደ ሮቢት የሄዳችሁ እንደሆነ፣ ገበሬው ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ የሚያጠጣው በአብዛኛው ሁለት ተክል ነው፤ ጫትና ጌሾ። አንደኛው ለቃሚው፣ ሁለተኛው ለጠላና ለጠጅ። ገበሬውን አልወቅሰውም፤ ጤፍ የማያስገኝለትን ገንዘብ አስገኝተውለታል። ጫት ደግሞ ሲቀነጠስ ያለው ኃይል፣ ካቲኖን የሚሉት ንጥረ ነገር፣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ስለሚዳከም ቅጠሉ ለገበያ ይጣደፋል፤ ቃሚውም በየቀኑ ትኩሱን ይፈልጋል። በዚህ መካከል ከሚሸምተው፣ ከሚጭነው፣ ከሚቸረችረው፣ ለመቃሚያ ቤቱን ከሚያከራየው ውስጥ የእኛ ሰው የለበትም የሚል ካለ ከተማዋን አያውቃትም።

በሑክሙ ላይ ዑለማእ እንደተለያዩ አውቃለሁ። ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ ስለ ጫት ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል፤ አስጠነቀቁ፣ መራቁ እንደሚሻልም አሳዩ እንጂ እንደ ኸምር ቈርጠው ሐራም አላሉትም። የየመን ሊቃውንት ብዙዎቹ ፈቅደውታል፤ የሳዑዲዎቹ ከልክለውታል። በእኛም አገር የወሎ ሸኾች ለዱዓና ለሌሊት ዚክር ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ይሁንና የዛሬው የከተማ ልጅ የሚቅመው ለዚክር አይደለም። ቀን በቃመው ምርቃና ማታ እንቅልፍ ሲያጣ «ጨብሲ» ብሎ ወደ ድራፍቱና ወደ አረቄው ይሄዳል። ቅጠሉን «ይፈቀዳል» ብለን በዝምታ ያሳለፍንለት ልጅ፣ በአል-ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ በማያሻማ ቃል ወደ ተከለከለው ነገር የገባው በዚያው በር ነው። የበሩ ባለቤቶች ደግሞ እኛው ነን።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ ቸርነት ሊታይ አይችልም። አላህ (ሱ.ወ) በምእመናን ሀብት ውስጥ ለጠያቂውና ለተነፈገው የታወቀ ሐቅ እንዳለ በአል-መዓሪጅ ምዕራፍ ይነግረናል። ሐቅ ነው ያለው። ልጁ ያለቀበትን ንግድ አትርፈንበታል፣ ኪራዩን ተቀብለንበታል፣ ከአትራፊው ሶደቃ ተቀብለን መስጊድ አንጽፈንበታል። መንግሥትም ቢሆን ከቅጠሉም ከቢራውም ቀረጥ የሚሰበስብ ነውና ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም፤ ነገር ግን መንግሥት እስኪከፍል ድረስ የእኛ ዕዳ አይቆምም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ዘካንና ሶደቃን መለየት ያስፈልጋል። ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ዑለማዎቻችን ይበሉበት። እኔ እስከምረዳው ግን የአራቱ መዝሀብ ብዙኃን ዘካ ለግንባታ እንዲውል አይፈቅዱም፤ ሐነፊዎች በተለይ ገንዘቡ በተቀባዩ ሰው እጅ መግባት አለበት ይላሉ። ስለዚህ ሕንፃው ከሶደቃና ከወቅፍ ይሠራ። ዘካው ደግሞ ወደ ሰውየው ይሂድ። ሱሰኛ ስለሆነ አይደለም የሚሰጠው፤ ሚስኪን ስለሆነ ነው። በሱስ ቤቱን ሽጦ፣ ሥራውን አጥቶ የቀረ ሰው ሚስኪን ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? በእጁ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ለጫት ቤቱ መስጠት እንዳይሆን፣ በፈቃዱና በውክልናው የቀለቡና የሕክምናው ወጪ ይከፈልለት። እንዲህ ሲሆን ከየቲሙ ጉሮሮ የተነጠቀ ነገር አይኖርም፤ የቲምም ሚስኪንም በዚያው አንቀጽ ጥላ ሥር ናቸው። ደግሞስ ከሱሰኞቹ ውስጥ የየቲም አባቶች ስንት ናቸው? አባቱ በሕይወት እያለ የቲም የሆነውን ልጅ በየትኛው መዝገብ እንጽፈዋለን?

ከግንባታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሁለተኛው ዓመት ነው። እኛ ሕንፃ እንወዳለን። ሕንፃ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። የሌሊት ተረኛ ነርስ ደመወዝ ግን አይመረቅም። የቀድሞዎቹ ሙስሊሞች ይህን ያውቁ ነበር። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1285 ገደማ በካይሮ ያሠራው ቢማሪስታን የአእምሮ ሕሙማንን ጭምር የሚያስተናግድ ነበር፤ ለዘመናት የኖረው ግን በግንቡ ጥንካሬ ሳይሆን ገቢያቸው ለእርሱ በተወቀፈ ንብረቶች ነው። ድኖ የሚወጣው ሕመምተኛ ወዲያው ለሥራ እንዳይጣደፍ ስንቅ ይሰጠው እንደነበር ይነገራል። ሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1488 በኤዲርኔ ባሠራው ሕክምና ቤት ደግሞ የአእምሮ ሕሙማንን በዜማና በሚፈስ ውሃ ድምፅ ያስታምሙ ነበር። ያም በወቅፍ ነበር የሚተዳደረው። የጣናን ዳር የሰጠን አላህ ከውሃው ድምፅ አላጐደለብንም።

ወቅፍ በእኛ አገር ተቀብሮ የቀረ ይመስላል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ሲመጣ የመስጊድ ኪራይ ቤቶችም አብረው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትውልድ ወቅፍን የሚያውቀው ከኪታብ ነው። አሁን መጅሊሱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዐዋጅ የሕግ ሰውነት አለው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በላዩ የሠራነውን ግን ለዚህ ዓላማ ማዋል እንችላለን። አሥር ሱቅ ቢሠራና ኪራዩ ለነርሷ፣ ለምግብ አብሳዩና ለጥበቃው ቢወቀፍ፣ በየዓመቱ በረመዳን ማይክራፎን ይዞ ከመለመን ያድናል። ሕዝቡ አይሰጥም የሚለውን አልቀበልም። መቄዶንያን የመሰለ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በሕዝብ መዋጮ እየኖረ ነው፤ ለእርሱም ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ጋር ሰጥቷል።

አንድ ወንድም ደግሞ ከመግሪብ በኋላ «የጫት ነጋዴ ቢያዋጣ ትቀበላላችሁ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ እቀበላለሁ ባይ ነኝ። የአረቄ ሻጩ ገንዘብ ግልጽ ሐራም ነው፤ ሊቃውንቱ ባለቤቱ የማይታወቅን ሐራም ገንዘብ ለሕዝብ ጥቅም ማስወገድ እንደሚቻል፣ ሰጪው ግን የሶደቃ ምንዳ እንደማይጠብቅበት ተናግረዋል። የጫቱ ገንዘብ በኺላፍ ላይ ያለ ነው። የሁለቱም መስጠት ዕዳ መመለስ እንጂ ልግስና አይባል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የስም ሰሌዳ አይለጠፍ፤ ለንግዱም ማስታወቂያ አይሁን። ገንዘቡን አምጥቶ በዚያው ሳምንት ሌላ መቃሚያ ቤት የሚከፍተውን ደግሞ ኮሚቴው በግልጽ ሊናገረው ይገባል።

ሴቶቹን የምናነሣው በመጨረሻ ነው፤ ይህም ራሱ ችግራችንን ያሳያል። ወንዱ ሱሰኛ ቢያንስ በመንገድ ላይ ይታያል። እህቶቻችን ግን በር ዘግተው ይቅማሉ፤ ቤተሰብም ትዳርዋ እንዳይበላሽ ይሸፍናል። ለእነርሱ የተለየ ግቢና ሴት ሠራተኞች ከመጀመሪያው ፕላን ላይ ካልሠፈሩ፣ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ተብሎ የሚቀር ነገር እንደሚሆን ከልምድ እናውቃለን።

ቦታውን በተመለከተ ብዙዎች ከከተማው ጩኸት ወጣ ያለ የሐይቁን ዳር ይመርጣሉ፤ እኔም እመርጣለሁ። ዳሩ ግን ባዶ አይደለም። ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን፣ እነርሱም ሙስሊሞች ናቸው፣ ሆቴልና መዝናኛ በተሠራ ቁጥር ወደ ኋላ ሲገፉ ኖረዋል። ማገገሚያ ቤቱ ሌላ የሚገፋ አጥር እንዳይሆንባቸው፣ ቦታ ሳይጠየቅና ፕላን ሳይነደፍ በፊት ሽማግሌዎቻቸው ጋ ሄዶ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለጥበቃውም፣ ለአትክልቱም፣ ለጀልባውም ሠራተኛ ሲፈለግ ከእነርሱ ልጆች ይጀመር።